ሽማግሌው ምን አሉ?

በቋንቋችን ርኅራኄ የሚያድረው አንጀት ውስጥ ነው። ያሳዘነንን ነገር “አንጀቴን በላው” እንላለን። አይተን ማለፍ ሲያቅተን “አንጀቴ አልችል አለ” እንላለን። ደስ ያለን ቀን ደግሞ አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል። ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ስንናገር ኖረን፣ እውነተኛው አንጀት ሲታመም ርኅራኄያችን ምን እንደሚሠራ ግን አስበንበት የምናውቅ አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ አንድ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ እስክቆም ድረስ አላሰብኩበትም ነበር።

የታመሙትን ሰው ሐጂ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ በርሜል ገዝተው፣ አሳጥበው፣ ቀጥቅጠውና አቃንተው የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ምናለሽ ተራን አንባቢ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ምድጃ ይሆናል፤ የመኪናው ጎማ ጫማ ይሆናል፤ ክዳኑ የጠፋ ጄሪካን እንኳ ገዢ አያጣም። እዚያ “ጊዜው አልፎበታል” የሚባል ዕቃ የለም። የሐጂ መታወቂያ ዕድሜያቸው 78 ነው ይላል። እሳቸው ግን “መታወቂያውን የሞላው ጸሐፊ ቸኩሎ ነበር” ይላሉ።

ሆዳቸው መነፋት የጀመረው ሐሙስ ቀን ነው። ለማንም አልተናገሩም። ዓርብ ምግብ ዘጋቸው፤ እሱንም ደበቁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ሱቅ ከፍተው ዋሉ። ቅዳሜ ማታ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ልጆቻቸው አንስተው ሆስፒታል አደረሷቸው። እኔም የጎረቤት ልጅ ነኝና ተከትዬ ሄድኩ።

ሐኪሞቹ “አንጀታቸው ተጠማዟል” አሉን። ትልቁ አንጀት ወደ መጨረሻው ገደማ የሚተጣጠፍበት ቦታ አለ። ይህ ክፍል ረዝሞና ላልቶ የተገኘ እንደሆነ በገዛ ራሱ ዙሪያ እንደ ገመድ ይዞራል። ያን ጊዜ አየርም ዓይነ ምድርም አያሳልፍም፤ ደም ሥሩም አብሮ ይታነቃል። በሽታው ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ትልቁን አንጀት ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በተለይም የሚይዘው ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችን ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ከታች ቱቦ አስገብቶ አየሩን ማስወጣትና ጥምዝማዙን መፍታት ይቻላል። ከዘገየ ግን የታነቀው አንጀት ይሞታል። የሐጂ አንጀት ሦስት ቀን ተደብቆ ነበር። የቀረው ሆድ ከፍቶ የሞተውን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ አለዚያ መተው።

እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ ሸንጎ ተቀመጠ። ትልቁ ልጅ፣ ሁለተኛው ልጅ፣ ሴት ልጃቸው፣ ከጅዳ ደግሞ በስልክ አራተኛው። “አባባ ዕድሜያቸውን ጠግበዋል፤ ለምን ይቀደዳሉ?” አለ ሁለተኛው። “ስቃይ ከማብዛት በሰላም ይሂዱ” አለች ሴቲቱ እያለቀሰች። ትልቁ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ገንዘብ የሚመስል ነገር ተናገረ። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ፤ ጽሑፍ ስለምጽፍ የተማረ ተደርጌ እቆጠራለሁ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ለአንጀት ጉዳይ ምን እንደሚፈይድ አላውቅም፤ ቢሆንም መለስኩ። “ባይነኩ ይሻላል” አልኩ። አንጀቴን በልተውት ነበር። ያን ጊዜ ያናገረኝ እሱ ነው።

ወጣቱ ቀዶ ጥገና ሐኪም ቆሞ ሰማን። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ “ሽማግሌው ምን አሉ?”

ማናችንም አልመለስንም። አልጠየቅናቸውማ! ከእኛ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ፣ ተጋድመው ነበር። ሐኪሙ ትቶን ገባ። አንጀታቸው መሞቱን፣ ቢከፈቱ ላይነሱ እንደሚችሉ፣ ባይከፈቱ ግን እንደማይተርፉ፣ ከተረፉም ሆዳቸው ላይ ከረጢት እንደሚኖር ነገራቸው። ሐጂ ትንሽ ዝም ብለው “ያልሰበሰብኩት ዱቤ አለ፤ ክፈቱኝ” አሉ።

“ሽማግሌ” የሚለው ቃላችን ሁለት ሰው ተሸክሟል፤ ያረጀውንም ዳኛውንም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ነጋዴና ነጋዴ በሒሳብ ሲካሰሱ ከፍርድ ቤት በፊት የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ሐጂ ስንቱን የመርካቶ ጠብ በርሜላቸው ላይ ተቀምጠው ፈትተዋል። ያው ሰው አልጋ ላይ በወደቀ ዕለት በገዛ ሆዱ ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጥ የሚጠራው ጠፋ። ይህ እንዴት ይሆናል?

አንዱ ምክንያት ክፉ ወሬን የምንይዝበት ልማድ ይመስለኛል። መርዶ እንደ ዋዛ አይነገርም። ሰዓት ይመረጥለታል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ የሚሰማው እንዳይደነግጥ ይደገፋል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን መርዶ የሚነገረው ስለ ሌላ ሰው ሞት ነው፤ ሟቹ ከእንግዲህ የሚወስነው ነገር የለውም። በሽተኛ ግን አልሞተም። ክፉ ወሬን ከሰሚው የማቆየት ልማዳችንን ወደ ሕያው ሰው አልጋ ስናመጣው፣ ሳይሞት ከሟቾች ጋር ቆጠርነው ማለት ነው።

እንዳልዋሽ፣ የልጆቹ ሐሳብ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ እንዲያው ሞኝነትም አልነበረም። የሞተ አንጀት ይዞ በድንገት የሚከፈት አዛውንት ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ከዚህ የሚከብድም ክርክር አለ። ዳንኤል ካላሃን የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰው የተፈጥሮ ዕድሜውን ከኖረ በኋላ ኅብረተሰቡ ዕድሜ ለማራዘም ብቻ ውድ ሕክምና ማቅረብ የለበትም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ገንዘቡ ለወጣቱና ላልኖረው ይዋል ነው ነገሩ። ክርክሩን ንቄ አልተውኩትም። አንድ አልጋ ለሦስት ሰው በሚፈለግበት አገር የሚኖር ሰው ሊንቀው አይችልም። (ካላሃን ራሱ 88 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2019 አረፈ። ይህ ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ግን ትዝ ይለኛል።) ሆኖም እኛ ኮሪደሩ ላይ የተነጋገርነው ስለ አገር በጀት አልነበረም። አንድን ሰው ከመታወቂያው ላይ አንብበን ጨርሰን ነበር።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ዛሬ ዛሬ ቁጥሩን ብቻ አያዩም። ሰውዬው ከመታመሙ በፊት በእግሩ ይሄድ ነበር? ራሱን ያጥብ ነበር? ይበላ ነበር? ከሳ? ይህን ነው የሚጠይቁት። አንዱ ሰባ ሁለት ዓመቱ ላይ እንደ ሸምበቆ የደከመ ይሆናል፤ ሌላው በሰማንያው በርሜል ያንከባልላል። ሐጂ ባለፈው ሐሙስ በርሜል ሲያንከባልሉ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ሌሊት ተደረገ። ጠቁሮ የነበረው አንጀት ተቆርጦ ወጣ፤ የታችኛው ጫፍ ተዘጋ፤ የላይኛው በሆዳቸው ግራ በኩል ወጥቶ ከረጢት ተገጠመለት። አንሪ ሃርትማን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረበው ዘዴ ነው፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ ምናለሽ ተራ ደረሰ።

እኛ “ኦፕራሲዮኑ ተሳካ” ስንባል ነገሩ ያለቀ መሰለን። ሐኪሙ ግን “ዋናው ነገር ገና አሁን ይጀምራል” አለ። ምን እንደሚጀምር ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው።

አማርኛ ስለ ቁስል ሲናገር “ተቆጣ” ይላል። ከዚህ የተሻለ ቃል የሚገኝ አይመስለኝም። ሐኪሞች “ብግነት” ይሉታል። ኬልሰስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አራት ምልክቶች ቆጥሮለታል፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ሕመም። ኋላ አምስተኛ ተጨመረ፤ የተቆጣው አካል ሥራውን ያቆማል። አንጀት በእጅ ሲነካ የሚያደርገው ይህንኑ አምስተኛውን ነው። ግድግዳው ይቆጣና ዝም ይላል፤ መንቀሳቀሱን ይተዋል። ትንሹ አንጀት በአንድ ቀን ገደማ ይታረቃል፤ ትልቁ ግን ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያኮርፋል። ለዚህ ነው ነርሷ በየጠዋቱ እየመጣች “አየር ወጣ ወይ?” የምትለው። ሐጂ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው ፊት አድርገውት የማያውቁትን ነገር ሰፈር ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቅላቸው ጀመር። በአራተኛው ቀን ከረጢቷ አየር ሞልታ ባበጠች ጊዜ ሴት ልጃቸው እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ታዲያ ቁጣው ጠላት አይደለም። ያለ እሱ ቁስል አይገጥምም። ቁጣውን ጨርሰው የሚያዳፍኑ እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች የቁስልን መዳን ያዘገያሉ። የሚፈለገው ቁጣው መጥቶ ሥራውን ሠርቶ እንዲበርድ ነው። ሐኪሞች ይህን በደም ይለኩታል። ጉበት በብግነት ጊዜ የሚያመነጨው ሲ.አር.ፒ. የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ ውስጥ በሮክፌለር ተቋም የተገኘ ነው። ሆድ ከተከፈተ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ይነካና መውረድ ይጀምራል። ካልወረደ፣ አንድ ቦታ መግል ቋጥሯል ወይም ስፌት ለቋል ብሎ ሐኪሙ ይጠረጥራል።

ሽማግሌ ላይ ግን ነገሩ ይጠማዘዛል። ክላውዲዮ ፍራንቸስኪ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚህ ስም አወጣለት። በእርጅና ጊዜ ምንም ቁስል ሳይኖር እንኳ ገላ ውስጥ ዝቅ ያለ ብግነት ይኖራል፤ እንደ ረመጥ። ኦፕራሲዮን ሲመጣ ያ ረመጥ ላይ ማገዶ መጨመር ነው። የወጣቱ ቁጣ ነዶ ይበርዳል፤ የሽማግሌው ለመብረድ ይዘገያል። የሚብሰው ደግሞ ምልክቱን መደበቁ ነው። ወጣት ቁስሉ ቢመረቅዝ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ዝም ይላል፤ ምግብ ይገፋል፤ ይተኛል። እኛ ጠያቂዎቹ በፌስታል ብርቱካን ይዘን ገብተን “አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ተረጋግተዋል” ብለን እንወጣለን። ሐጂ በአምስተኛው ቀን እንዲህ ነበሩ። እኛ “ተረጋጉ” ባልናቸው ቀን ነርሷ የልባቸውን ምት ቆጥራ ሮጣ ሐኪም ጠራች። ቁስሉ ከሥር መግል ቋጥሮ ነበር፤ ተከፍቶ ታጠበ።

ከዚያ በፊት ግን ሦስተኛው ሌሊት ነበር። ሐጂ በእኩለ ሌሊት ተነስተው ተቀመጡና ከሌለ ገዢ ጋር በርሜል መከራከር ጀመሩ። ዋጋ ይጠራሉ፣ ይምላሉ፣ “ውሰድ ወይም ተው!” ይላሉ። የጉሉኮሱን ቱቦ ሊነቅሉ ሲሉ ሁለተኛው ልጅ እጃቸውን ያዘ። አላወቁትም። “ሌባ!” አሉት። ልጁ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አለቀሰ። በነጋታው ሰፈር ሁሉ አንድ ቃል ይዞ ዋለ፤ “ጃጁ።”

ከዚህ ቃል ጋር ጠብ አለኝ። ጃጀ ከተባለ በኋላ ሰው የሚናገረው ሁሉ ንግግር መሆኑ ይቀራል። “ውኃ ስጡኝ” ቢል ጃጅቶ ነው፤ “ውጡልኝ” ቢልም ጃጅቶ ነው። ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር ነገረን። የሆድ ቁጣ እሆድ ውስጥ አይታጠርም፤ በደም ተሸክሞ አእምሮን ያውካል፤ ይህ ከኦፕራሲዮን በኋላ በአዛውንቶች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ መቃዠት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ አሳፈረን፤ “መነጽር ያደርጋሉ?” ያደርጋሉ። የት ነው? ትልቁ ልጅ እንዳይጠፋ ብሎ በመሐረብ ጠቅልሎ ቤት ወስዶታል። ሰውዬው ሦስት ቀን ሙሉ ደብዛዛ ጥላዎች ሲነኳቸውና ሲያገላብጧቸው ነበር የሰነበቱት። እኔ ብሆን ሌባ አልልም?

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ተፈትኗል። ሻሮን ኢኑዬ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት፣ ለኦፕራሲዮን ሳይሆን በሌላ በሽታ ሆስፒታል የተኙ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎችን ተከታትላ ነበር። መነጽራቸውን መስጠት፣ ጆሯቸው ከከበደ ማዳመጫ ማድረግ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሌሊት ማስተኛት፣ ቀን ማስኬድ፣ ቀኑንና ቦታውን መንገር፤ የተደረገላቸው ይህ ነው። መቃዠት ከመቶ 15 የነበረው ወደ 10 ገደማ ወረደ። ይህን ሁሉ አስታማሚ ሊያደርገው ይችላል። በአገራችን ደግሞ አስታማሚ ሞልቷል፤ ፈረንጅ አገር በደመወዝ የሚፈለገውን ሰው እኛ ዘንድ ዘበኛ በር ላይ ያግደዋል። ያጣነው ሰው አይደለም።

አሁን ወደ እኔ ጥያቄ ልመለስ። ርኅራኄያችን ምን ይሠራል? ሐጂን በጋቢ ጠቀለልናቸው፤ አጥሚት በማንኪያ አፋቸው ውስጥ አደረግንላቸው፤ ነርሷ “አባባ፣ ይነሱና ትንሽ ይራመዱ” ስትል “ኧረ ትንሽ ይረፉ፣ እንዴት ያለ ጭካኔ ነው!” ብለን ጮኽንባት። እሷ ልክ ነበረች። ሄንሪክ ኬሌት የተባለ ዴንማርካዊ ቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንጀታቸው የተቆረጠ ሰዎችን ቶሎ ማብላት፣ ሕመማቸውን አስታግሶ ቶሎ ከአልጋ ማስነሳት እንደሚበጅ ሲያሳይ፣ የቆየውን ልማድ ሁሉ ገልብጦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጤነኛ አዛውንቶችን አሥር ቀን አልጋ ላይ አስተኝቶ መዘናቸው፤ ከእግራቸው ሥጋ ብቻ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሄደ። ጤነኞቹ! እንግዲህ ሆዱ የተከፈተውን አስቡት። “ይረፉ” ባልናቸው ቁጥር ከእግራቸው እየቀነስን ነበር።

ኮሪደሩ ላይ “ይተው” ያልኩትና አልጋው አጠገብ “ይረፉ” ያልኩት እኔ አንድ ሰው መሆኔን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ሁለቱም ጊዜ አንጀቴ እውነቱን ነበር፤ አዝኜ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ግን ኀዘኔ የተሸከመው ፍርድ ነበር፤ ይህ ሰው አልቋል የሚል። ማዘንን ከማክበር የሚለየው ምን እንደሆነ መጻሕፍት ላይ ፈልጌ ነበር፤ ብዙ ቃል አገኘሁ። ሐኪሙ ግን በሦስት ቃል ጠይቆት ነበር።

መነጽራቸው በመጣ ማግስት ሐጂ ተቆጡ። አጥሚቱን ገፉ፤ ሴት ልጃቸውን “ልጅ አደረግሽኝ” አሉ፤ ጋቢውን ጥለው የአልጋውን ብረት ይዘው ተነሱ። ልጆቹ ደነገጡ። ነርሷ ግን ሳቀች። ከሥር የቋጠረው መግል ቢመልሳቸውም፣ ከታጠበ በኋላ ደግመው ተነሱ። በዘጠነኛው ቀን አንድ እጃቸው ከረጢቷን ደግፎ፣ ሌላው የእኔን ትከሻ ይዞ፣ እስከ ኮሪደሩ መስኮት ሄድን። እዚያ ቆመው የጠየቁኝ “እድናለሁ ወይ?” ብለው አልነበረም። “ሶፍ ላይ እቆማለሁ ወይ?” ነው ያሉኝ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ጥያቄውን ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ሐጂ አንዋር መስጊድ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ በሚቆምበት ሰልፍ ውስጥ ቦታቸው የታወቀ ነው። ከረጢቷ ግን ሳይጠሩት ትሞላለች፤ ሰዓት አትጠብቅም። ውዱእ እንዴት ይጸናል? ሸሁ ሊጠይቋቸው ሲመጡ አነሱላቸው። ሸሁ መቆጣጠር የማይቻል ነገር ያለበት ሰው በሃይማኖቱ ሕግ ባለ ዑዝር እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰላት ጊዜው ሲገባ ውዱኡን አድሶ እንደሚሰግድ ነገሯቸው። ያን ዕለት ሐጂ የቀረበላቸውን ሾርባ ያለ ማንም ልመና ጨረሱ። የሲ.አር.ፒው ወረቀት ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ወርዶ ነበር፤ ቁስሉም ከሥር እየሞላ ነበር። ሐኪሙ መዳን የሚለውን ወረቀቱ ላይ አየው፤ ልጆቹ በሾርባው አዩት። ሐጂ የሚጠብቁት ግን ሶፍ ላይ ያለውን ቦታቸውን ነው። ለካ “ዳነ” የሚለው ቃል ማን እንደሚናገረው ይለያያል።

ዛሬ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው። በርሜል አያንከባልሉም፤ ለሚያንከባልለው ልጅ ይጮኹበታል። ዓርብ ዓርብ ጁምዓ ከመሄዳቸው በፊት ከሱቁ ጓዳ ገብተው ከረጢቷን ይቀይራሉ። ቦታቸው ከሰልፉ ዳር ሆኗል፤ ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ምክንያቱን አልጠየቅኋቸውም።

አንድ ነገር ቀርቷል። የተቆረጠው አንጀት በሁለተኛ ኦፕራሲዮን ተመልሶ ሊቀጠልና ከረጢቷ ልትቀር ትችላለች። አደጋ ግን አለው፤ በዕድሜ ከገፉት ብዙዎቹ ሳያስቀጥሉት ይቀራሉ። ልጆቹ ተሰብስበዋል፤ “ይበቃል፣ ዳግመኛ አይነኩም” ብለዋል። ይህን የሰማሁት ከልጆቹ ነው።

በዚሁ ሳምንት ሐጂ አስጠሩኝ። በርሜል ላይ አስቀመጡኝና ሻይ አዘዙልኝ። “ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አንተንም ጠይቀውህ ነበር አሉ። ምን አልክ?”

“‘ባይነኩ ይሻላል’ ብዬ ነበር፣ ሐጂ።”

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ ከዱቤ መዝገባቸው ውስጥ በአራት የታጠፈ የሆስፒታል ወረቀት አወጡና ሰጡኝ።

“አንብብልኝ” አሉ። “የሚያስፈራውንም ሳትዘል።”

ስለ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን የተጻፈ ነበር። ከላይ ጀምሬ አነበብኩላቸው።